ኪው አር ፒ ምንድን ነው? ከጅማ በ5 ዋት እስከ የት ይደረሳል?

ኪው አር ፒ በአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎታቸው በሬዲዮ በሚላላኩ ሰዎች) ዘንድ በዝቅተኛ ኃይል መላላክ ማለት ነው። ወሰኑ በልማድ የጸና ነው፤ በሞርስ ኮድ (ፊደልን በነጥብና በሰረዝ በሚወክለው ዘዴ) ለሚልክ ሰው ከማሰራጫው የሚወጣው ኃይል ከ5 ዋት፣ በድምፅ ለሚናገር ደግሞ ድምፁ ጣሪያ ሲነካ ከ10 ዋት ማለፍ የለበትም። 5 ዋት አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል የምትወስደው ኃይል ነው። የተለመደው የአማተር ጠረጴዛ ሬዲዮ 100 ዋት ይልካል፤ ማጉያ ያከለበት ከ1,000 ዋት በላይ የሚሄድም አለ። ይህን ሁሉ ትቶ በቦርሳ በሚያዝ ሬዲዮ፣ በአንድ ባትሪና ዛፍ ላይ በተሰቀለ ሽቦ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ማነጋገር ተረት ይመስላል። ተረት አይደለም፤ ርቀቱን የሚያሸንፈው ዋቱ ብቻ አይደለምና።

ስያሜው የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴሌግራፈኞች ጊዜ ለመቆጠብ ከተስማሙባቸው፣ በኪው ፊደል ከሚጀምሩ አጫጭር ኮዶች ነው። ኪው አር ፒ በጥያቄ ምልክት ሲላክ «ኃይሌን ልቀንስ?»፣ ያለ ጥያቄ ምልክት ሲላክ «ኃይልህን ቀንስ» ነው። ዛሬ አማተሮች የአሠራሩ መጠሪያ አድርገውታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የጂ ኪው አር ፒ ክለብም በዚሁ ስም ይታወቃል።

ሂሳቡን እንየው። በመቀበያ ሬዲዮ ላይ የምልክት ጥንካሬ የሚለካበት እያንዳንዱ ደረጃ በስምምነት 6 ዴሲቤል ነው፤ ይህም አራት እጥፍ የኃይል ልዩነት ማለት ነው። ላኪው ከ100 ዋት ወደ 25 ዋት ሲወርድ በሰሚው መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ይቀንሳል። ከ25 ወደ 6 ዋት ገደማ ሲወርድ አንድ ተጨማሪ። ስለዚህ በ100 ዋት ሰባተኛ ደረጃ ላይ ይሰማ የነበረ ጣቢያ በ5 ዋት አምስተኛው አካባቢ ይሰማል። ኃይሉ ሃያ እጥፍ ቀንሶ ሰሚው የሚያጣው ከሁለት ደረጃ ብዙም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር፣ ጥሩ አንቴና ያለው ባለ 5 ዋት መጥፎ አንቴና ያለውን ባለ 100 ዋት ሊበልጠው ይችላል፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል።

ሞርስ ለዚህ ሥራ ተመራጭ የሆነው ናፍቆት ስላለበት አይደለም። የሰው ድምፅ በአጭር ሞገድ ሲላክ ወደ 2,500 ኸርዝ የሚጠጋ ስፋት ይይዛል። ሞርስ ግን በ500 ኸርዝ፣ ሲያስፈልግም በ250 ኸርዝ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ያው ውሃ በሜዳ ላይ ሲፈስ መሬቱ ይውጠዋል፤ በጠባብ ቦይ ሲለቀቅ ግን ማሳው ይደርሳል። ማጣሪያው በጠበበ ቁጥር አብሮ የሚገባው ሽውታ (ከምልክቱ ጋር የሚሰማው የሬዲዮ ጫጫታ) ይቀንሳል፤ ከ2,500 ወደ 250 ኸርዝ ሲወርድ የሚሰማው ሽውታ በኃይል አንድ አሥረኛ ይሆናል። በዚያ ላይ የሰለጠነ ጆሮ ከሽውታው ሥር የተቀበረን አንድ ወጥ ድምፅ ፈልፍሎ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ በአጭር ሞገድ ለሚሠራ አማተር ሞርስን የማወቅ ዓለም አቀፍ ግዴታ ቀርቷል። ቢሆንም ዝቅተኛ ኃይል ይዞ ሜዳ የሚወጣ ሰው ዛሬም በፈቃዱ ይማረዋል።

የሞርስ ማሰራጫ ሥሪቱም ቀላል ነው። አንድ ሞገድ አመንጪ፣ እሱን የሚያበራና የሚያጠፋ መላኪያ ቁልፍ፣ ኃይል ማጉያ፣ ከዚያም አላስፈላጊ ሞገዶችን የሚያስቀር ማጣሪያ፤ መሠረቱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኪው ሲ ኤክስ የተባለው የሚገጣጠም ሬዲዮ ሲጀመር ዋጋው ከ50 ዶላር በታች ነበር። 5 ዋት ገደማ የሚያወጣው ከጥፍር በማይበልጡ ሦስት ተራ ትራንዚስተሮች ነው፤ አብዛኛው ጉልበት ወደ ሙቀት ሳይባክን ወደ አንቴና ስለሚሄድ የብረት ማቀዝቀዣ እንኳን አልተገጠመላቸውም። ለአንድ ባንድ (የሞገድ ክልል) ብቻ ይሠራል፣ ድምፅ አይልክም። ከእሱ በጣም ውድ የሆኑትን እንደ ኤሌክራፍት ኬ ኤክስ 2 እና ያዔሱ ኤፍ ቲ 817 ያሉትን ያየ ሰው፣ ብዙ ባንድ ይዘው ሞርስም ድምፅም ስለሚያስተናግዱ ልቡ ወደ እነሱ ይሳባል። እኔ ግን ለጀማሪ የምመርጠው ራሱ የሚገጥመውን ነው፤ የተበላሸ ዕለት የት እንደሚነካ ያውቃልና።

በመገጣጠም ውስጥ ሰውን የሚያስለቅሰው ቀለበቱ ነው። ከተጠረቀ የብረት ዱቄት በተሠራ ቀለበት ላይ በኤናሜል የተቀባ ቀጭን ሽቦ መጠምጠም አለ። እዚህ ላይ አቆጣጠሩ ያሳስታል፤ ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍም ጭምር። ተጠምጥሞ ሲያበቃ የሽቦው ጫፍ ኤናሜሉ ተፍቆ መዳቡ ካልታየ ብየዳው የያዘ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ተገጥሞ ድምፅ የማይሰጥ ሬዲዮ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ይህ ጫፍ ነው። በጅማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ማንኛውም እጀ ብልህ ሰው ይህን ሥራ ሳይከብደው ይሠራዋል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ ገንዘብም ጊዜም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ለ7.030 ሜጋኸርዝ የሚሆን ግማሽ ሞገድ ዳይፖል አንቴና ርዝመቱ ወደ 20 ሜትር ነው፤ ከመካከሉ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር። ለ14.060 ግማሹ ይበቃል። ከከተማው ወጣ ሲባል ጅማ ዙሪያ ዛፍ አይታጣም። ሲባጎ ላይ ክብደት ታስሮ በዋርካ ወይም በዝግባ ቅርንጫፍ ላይ ይወረወርና ሽቦው በሲባጎው ይጎተታል። ባሕር ዛፍ ለዚህ አይመችም፤ ቅርንጫፉ ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ሲሰበርም አያስጠነቅቅም።

ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር ደግሞ ከዚያ ያነሰ። በመካከሉ የግቤ ሸለቆና ተራራ ስላለ ቀጥታ የሚሄድ ሞገድ አያዋጣም። መላው አንቴናውን ዝቅ አድርጎ መስቀል ነው። ከመሬት ሰባትና ስምንት ሜትር ላይ ያለ የ7 ሜጋኸርዝ ዳይፖል አብዛኛውን ኃይሉን ሽቅብ ይልካል፤ ሞገዱ በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር) ንብርብር ተመልሶ በዙሪያው ያለውን አገር ያዳርሳል። ይህ የቀን ሥራ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ንብርብሩ ይሳሳና ወደ ላይ የተላከው ሞገድ አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አይሰማም፣ ሩቅ ያለው ግን ይሰማል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የራሷ ጠባይ አላት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ ጅማም ከእሱ አትርቅም። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በላያችን ያለው አዮኖስፌር አንዳንድ ቀን ይናወጣል፤ የምልክቱ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፣ ነጥቡ ከሰረዙ ለመለየት ያስቸግራል። ሬዲዮው የተበላሸ መስሏቸው ካቻቢቴ የሚያነሡ አሉ፤ ሬዲዮው ምንም አልሆነም።

ሜዳ መውጣት ያስፈለገውም ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ከተማ ውስጥ የስልክ ቻርጀሩ፣ ርካሽ አምፖሉ፣ የቴሌቪዥኑ ኃይል ሰጪ ሁሉ አጭር ሞገድን በጩኸት ይሞሉታል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ መቀበያ ከፍቶ ማዳመጥ ነው፤ ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ሲረግፍ ይሰማል። መብራት መጥፋቱ ያስደሰተው ሰው ካለ የኪው አር ፒ ሰው መሆን አለበት። የክረምቱን መብረቅ ግን ሜዳም አያስጥልም፤ ጅማ ዝናብ አይነፍጋትምና ከሰዓት በኋላ የሚሰማው ፍንጣቂ ጆሮ ይበሳል። ደመናው ሲጠቁር ሽቦውን አውርዶ መጠቅለል ግዴታ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ 20 ሜትር ሽቦ ይዞ ነጎድጓድ መጠበቅ ጀግንነት አይባልም።

ባትሪው ከሚገመተው በላይ ይቆያል። ሲያዳምጥ 150 ሚሊአምፒር፣ ሲልክ 1 አምፒር ገደማ የሚወስድ ሬዲዮ በ3 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፤ ሰው ከሚልክበት የሚያዳምጥበት ጊዜ ይበዛልና።

ስለ አላላኩ አንድ ነገር ላንሣ። በሞርስ አንድ ሰረዝ የሦስት ነጥብ ርዝመት አለው፤ በሁለት ፊደሎች መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ የሦስት ነጥብ ነው፤ በአንድ ፊደል ውስጥ ያለው ግን የአንድ ነጥብ ብቻ። የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች መለያ ስም የሚጀምረው በኢ እና ቲ ነው። ኢ አንድ ነጥብ፣ ቲ አንድ ሰረዝ፤ ከዚህ ያጠረ ፊደል በሞርስ የለም። ለባለ 5 ዋት በረከት ነው፣ ግን ወጥመድ አለበት፤ ነጥብና ሰረዝ ተጠግተው ከተላኩ ኤ የተባለው ፊደል ይሆናሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የክለብ ጣቢያ መለያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ሁለቱንም ይዟል። በደቂቃ 20 ቃል በሚባለው ፍጥነት አንድ ነጥብ 60 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ «ኢ ቲ»ን ከ«ኤ» የሚለየው የ180 እና የ60 ሚሊሰከንድ ዝምታ ነው። ደካማ ምልክት ያለው ሰው ለዚህ ክፍተት መጨነቅ አለበት፤ ፈጥኖ ከመላክ አጥርቶ መላክ ይሻለዋል።

ፈቃድ የሌለው ሰው መላክ አይችልም። የሞገድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነውና መሣሪያው ከውጭ ከመምጣቱ በፊት እዚያ መጠየቅ ይገባል። ፈቃዱን በኪስ ይዞ መውጣትም ደግ ነው፤ ዛፍ ላይ ሽቦ የሚሰቅል ሰው ጥያቄ ይመጣበታል፣ ቢጠየቅም ሊከፋው አይገባም።

ኪው አር ፒ የሞባይል ስልክ ምትክ አይደለም፤ መልእክት በተፈለገው ሰዓት ለተፈለገው ሰው ይደርሳል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ጀማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡትም በ5 ዋት ደጋግመው አጠቃላይ ጥሪ አሰምተው መልስ ሲያጡ ነው። ብልሃቱ የሌላውን ጥሪ መመለስ ነው፤ የጠራው ሰው ጆሮውን ከፍቶ እየጠበቀ ነውና ደካማውንም ይሰማል። በ7.030፣ በ10.116፣ በ14.060 እና በ21.060 ሜጋኸርዝ አካባቢ የዚሁ ልማድ ሰዎች ይገናኛሉ። ወደ አውሮፓ ለመድረስ ከሰዓት በኋላ 14 እና 21ን፣ ከመሸ በኋላ 7ን መሞከር ይሻላል።