የሰውነት ክብደትና የጥርስ ዕድገት ጥርስ ማስተካከል በሚያስፈልጋቸው የሰሜን ሸዋ ልጆች

የወተት ጥርሶች ከ6 ወር ገደማ ጀምረው እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ 20 ሆነው ይሞላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቋሚ የመንጋጋ ጥርሶች በ6 ዓመት፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በ12 ዓመት ግድም ይበቅላሉ። ይህ ቀመር ግን አማካይ ነው፤ ቀድሞ የሚሄድም ወደኋላ የሚቀርም ልጅ አለ፣ ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ክብደት ነው።

የጥርስ ዕድሜ፣ ማለትም ጥርሶቹ በዕድገታቸው የደረሱበት ደረጃ የሚያመለክተው ዕድሜ፣ የሚለካው በራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረበውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት የደሚርጂያን ዘዴ በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል ያሉትን ሰባት ቋሚ ጥርሶች፣ ዘውዳቸው (የላይኛው ክፍል) እና ሥራቸው (መንጋጋ ውስጥ የተተከለው ክፍል) የደረሰበትን ደረጃ በስምንት ከፍሎ ይመዝናል። ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ መውጣቱ ያን ያህል አስተማማኝ መለኪያ አይደለም፤ የወተት ጥርስ ያለጊዜው መነቀሉ ብቻ ሊያዛባው ይችላል።

ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ ሲታይ ከመጠን በላይ የወፈሩ ልጆች የጥርስ ዕድሜ ከእኩዮቻቸው ቀድሞ እንደሚገኝ በበርካታ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ልዩነቱ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ምክንያት ተብለው የሚጠቀሱት ከስብ ህዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲንና የዕድገት ሆርሞኖች ናቸው። በአንጻሩ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት የጥርስን መብቀል ያዘገያል፤ የጥርሱን አፈጣጠር ግን በዚያው መጠን የሚጎትት አይመስልም።

በሰሜን ሸዋ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ገብስ ዋና ሰብሉ ከሆነው ከመንዝ ደጋ የመጣን ቀጭን ልጅና በደብረ ብርሃን ከተማ ያደገን ወፍራም ልጅ፣ ሁለቱም 10 ዓመታቸው ነው ተብሎ ብቻ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ያውም 10 ዓመት መሙላታቸው በትክክል ከታወቀ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ በገጠር የልደት ቀን የሚነገረው ብዙ ጊዜ በግምት፣ በበዓል ወይም በአጨዳ ወራት ተለክቶ ነው። ሐኪሙ ግግ ማስወጣት የሚባለውን ጎጂ ልማድም መጠየቅ አለበት። በሕፃንነት ድድ ተሰንጥቆ የክራንቻ እንቡጥ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በራጁ ላይ የታየው ጉድለት የዕድገት መዘግየት ተብሎ እንዳይተረጎም ያስፈልጋል።

የመንጋጋ አጥንትን ዕድገት ለመምራት የሚደረጉ መሣሪያዎች የበለጠ የሚሠሩት ልጁ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲቃረብ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ነው። ይህ ወቅት በወፈሩ ልጆች፣ በተለይ በሴቶቹ፣ ሊቀድም፣ በምግብ እጥረት በተጎዱት ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። ብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ማሳሰር በአብዛኛው ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት የሚወስድና በየአንድ ወር ወይም ሁለት ወሩ ክትትል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደዚያ ለሚመላለስ ቤተሰብ ሕክምናው ያለወቅቱ መጀመሩ የሚያስከትለው ትርፍ ምልልስ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ክብደትና ቁመትን መመዘን ግን በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያም ይቻላል።