የከርነል ኤቢአይ መረጋጋት ምንድን ነው? ቃሉስ የተገባው ለማን ነው?

«ሊኑክስ የተረጋጋ ኤቢአይ የለውም። ከርነል ባዘመንክ ቁጥር አንድ ነገር ይበላሻል።» ይህችን አባባል ስንቴ አነበብኳት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ማስረጃ ብሎ የስህተት መልእክት ለጥፎባታል። መልእክቱ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ይላል። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ከርነል ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ጂሊብሲ ከርነል አይደለም። ላይብረሪ ነው፤ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ። የሚኖረውም ከፕሮግራሞችህ ጎን እንጂ ከርነሉ ውስጥ አይደለም። መልእክቱ የሚነግርህ ፕሮግራሙ አዲስ ጂሊብሲ ባለበት ማሽን ኮምፓይል ተደርጎ (ከሶርስ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ) አሮጌ ጂሊብሲ ወዳለበት ማሽን መምጣቱን ነው። ከርነሉን ብታዘምነው መልእክቱ አይጠፋም። ወደ አሮጌው ብትመልሰውም አይጠፋም። ከርነሉ በነገሩ የለበትም።

ሲስተም ኮል ፕሮግራም ከርነሉን ሥራ የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። ኤቢአይ ስንል ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ የፕሮግራም ፋይል (ባይነሪ) ከርነሉን የሚያናግርበትን ዝርዝር ሁሉ ማለታችን ነው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ሥራ እንደሚጠራ፣ መረጃው በየትኛው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) እንደሚገባ፣ ስትራክቱ (አብረው የሚላኩ የመረጃዎች ጥቅል) ባይት በባይት እንዴት እንደተደረደረ፣ ስህተት ሲፈጠር የትኛው ኮድ እንደሚመለስ። መረጋጋቱ ደግሞ ከርነሉ የገባው ቃል ነው። ቃሉ የተገባው ለአንድ ወገን ነው፤ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች። አስተያየት ሰጪያችን የሳተው ይህንን ነው።

ሲስተም ኮልን እንደ ስልክ ቁጥር እዩት። በ64 ቢት ኢንቴል ማሽን ሪድ 0 ነው፣ ራይት 1፣ ኦፕን 2፣ ክሎዝ 3። በ32 ቢቱ ማውጫው ሌላ ነው፤ ሪድ 3፣ ራይት 4፣ ኦፕን 5። ቁጥሩ ባይነሪው ውስጥ ታትሟል። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ተዘግቶ ይሆናል። ሶርስ ኮዱም ጠፍቶ ይሆናል። ባይነሪው ግን ዛሬም 1 ብሎ ይደውላል። ሊኑክስ የገባው ቃል፣ 1 ብለህ ስትደውል ምንጊዜም የሚያነሳው ራይት ነው የሚል ነው። ቤቱ ከውስጥ ፈርሶ ሊሠራ ይችላል። ደዋዩ ይህን ማወቅ የለበትም።

የቤቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ ግን በቃሉ ውስጥ የለም። ከክፍል ወደ ክፍል ሲጠራሩ ማንም ስልክ አይደውልም። አጠራራቸውንም በፈለጉ ጊዜ ይቀይራሉ። ድራይቨር፣ ማለትም አንድን መሣሪያ የሚያሠራው ኮድ፣ የቤቱ ሰው ነው። የከርነል ገንቢው ግሬግ ክሮአ-ሃርትማን ከከርነሉ ሰነዶች ጋር የተቀመጠ ሙሉ ጽሑፍ አለው፤ የከርነሉ የውስጥ ኢንተርፌስ የተረጋጋ አይደለም፣ እንዲሆንም አንፈልግም ይላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የውስጥ ፈንክሽን የቀየረ ሰው፣ ከርነሉ ውስጥ ያሉ ጠሪዎቹን ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ድራይቨሩን ከከርነሉ ሶርስ ውጭ ያስቀመጠ ግን ራሱን ይቻል። «ባዘመንኩ ቁጥር ይበላሻል» የሚለው እሮሮ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። እሮሮው እውነት ነው። ይፈርሳል የተባለው ቃል ግን መጀመሪያውኑ ለድራይቨር አልተገባም።

(የሊኑክስ አከፋፋዩ ሬድ ሃት ለድርጅቶች በሚያወጣው ከርነል ላይ ለተወሰኑ የውስጥ ፈንክሽኖችና ዳታ መረጋጋት ይሰጣል። ያ የሬድ ሃት ቃል ነው። «እኛ ዘንድ እኮ ይሠራል» የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ ነው።)

አሁን ከሌላ ወገን የሚመጣውን ስህተት ልያዝ። ኤቢአይን የሚያውቁ ሰዎችም ሳይቀሩ ቃሉ ሰነድ ላይ የተጻፈው ብቻ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ ካልተቀየረ፣ ስትራክቱ ካልተነካ፣ «እኛ የሠበርነው የለም» ይላሉ። የሊኑክስ መለኪያ ይህ አይደለም። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከርነሉ ስለተቀየረ ካልሠራ፣ ሰነዱ ምንም ይበል ጥፋቱ የከርነሉ ነው።

ከሁሉም የምወደው ምሳሌ በመስከረም 2019 የሆነው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከርነል 5.3 ሊወጣ ጫፍ ላይ ነበር። የኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም ውስጥ ጥሩ ማሻሻያ ገብቶ ነበር፤ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ዲስክ የሚደረገው ምልልስ ይቀንሳል። ማን ይጠላል? ችግሩ፣ ከርነሉ ለደህንነት የሚሆኑ የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚያመነጨው ከዚሁ ከዲስክ ምልልስ ጭምር በሚለቅመው መረጃ ነበር። ምልልሱ ሲቀንስ የሚለቀመውም ቀነሰ። ገና ማሽኑ ሲነሳ የዘፈቀደ ቁጥር የጠየቀ ፕሮግራም ነበር፤ በቂ እስኪጠራቀም ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ማሽኑ ሳይነሳ ቀረ።

እዚህ የትኛው ኤቢአይ ተነካ? የትኛውም። የፋይል ሲስተሙ ሰዎች አንድም ስህተት አልሠሩም። ይወቀስ ከተባለም ጥያቄውን በማይሆን ሰዓት ያቀረበው ፕሮግራሙ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን ማሻሻያውን አስወጣው። 5.3 ያለሱ ወጣ። ማሻሻያው የተመለሰው በ5.4 ከርነሉ ራሱ ዘፈቀደነትን የሚያጠራቅምበት ሌላ መንገድ ከተበጀለት በኋላ ነው።

በ2011 ደግሞ ከ2.6.39 ቀጥሎ 3.0 ሲመጣ፣ የቨርዥን ቁጥሩ በ2.6 ይጀምራል ብለው ያመኑ ፕሮግራሞች ግራ ተጋቡ። እንዲህ አድርጎ መጻፍ መቼም የሚደገፍ አይደለም። መፍትሔው ምን ሆነ? ከርነሉ ለእነሱ እንዲዋሽ ተደረገ። አንዲት ምርጫ ከተከፈተለት 3.0 ሆኖ ሳለ 2.6.40 ነኝ ይላቸዋል። ዛሬም ይህ ኮድ አለ።

በተቃራኒው፣ ማንም ካልተጎዳ ነገሮች ይወገዳሉ። ሲስሲቲኤል የተባለው አሮጌ ሲስተም ኮል ተጠቃሚ ስላልነበረው በከርነል 5.5 ተወግዷል። ቁጥሩ (በ64 ቢት ኢንቴል 156) ግን ለሌላ አልተሰጠም። ምናልባት የቀረ አንድ አሮጌ ባይነሪ ቢደውል የማያውቀው ሰው አንስቶ ጉድ ከሚሠራው፣ «ይህ ቁጥር የለም» ቢባል ይሻላል።

«ይህ ቁጥር የለም» የሚለው መልስ ስም አለው፤ ኢኖሲስ። «አልተፈቀደልህም» የሚለው ደግሞ ኢፐርም ነው። የሁለቱ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ያው ጂሊብሲ 2.34፣ በ2021 የወጣው፣ አዲስ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ሲፈጥር መጀመሪያ ክሎን3 የሚባለውን አዲስ ቁጥር ይደውላል። ከርነሉ አሮጌ ከሆነና ኢኖሲስ ከመለሰ፣ ችግር የለም፤ ወደ ድሮው ክሎን ይደውላል። ነገር ግን ብዙ ኮንቴይነሮች፣ ማለትም ፕሮግራም ተነጥሎ የሚሮጥባቸው ክፍሎች፣ በር ላይ ማጣሪያ አላቸው። አሮጌዎቹ ማጣሪያዎች ክሎን3ን አያውቁትም። የማያውቁትን ቁጥር ሲያዩ ታዲያ ኢፐርም ይመልሱ ነበር። ጂሊብሲም «ቁጥሩ የለም ሳይሆን ተከልክያለሁ» ብሎ ተረዳ። ወደ ድሮው ቁጥር አልደወለም። ትሬድ መፍጠር አልተቻለም፤ ፕሮግራሞች ወደቁ። መድኃኒቱ ማጣሪያው ለማያውቀው ቁጥር ኢኖሲስ እንዲመልስ ማድረግ ነበር። ያኔም «ሊኑክስ ተሰበረ» ያለ አልጠፋም። ደዋዩ ክሎን3 ዘንድ መቼ ደረሰና?

ቁጥሩን መጠበቅ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከቁጥሩ ጋር የሚላከው ነው። ኦፕን የማያውቀውን ፍላግ፣ ማለትም አንድ ምርጫ የሚያበራ ቢት፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ሲያዩት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ነገ ያን ቢት ለአዲስ ሥራ ብትሰጠው፣ እስከ ዛሬ በግዴለሽነት ቆሻሻ ቢት ሲልክ የኖረ ፕሮግራም ሳያስበው አዲሱን ሥራ ያዛል። አዲስ ፕሮግራምም አሮጌ ከርነል ላይ ሲሄድ ፍላጉ መሥራት አለመሥራቱን አያውቅም። በ2013 ስም የሌለው ጊዜያዊ ፋይል የሚከፍተው ፍላግ ሲጨመር፣ ከዳይሬክቶሪ ፍላግ ጋር ተጣምሮ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አሮጌ ከርነል ዝም ብሎ ከሚቀበለው ስህተት ይመልስ ተብሎ። በ2020 በ5.6 የመጣው ኦፕንአት2 ከዚህ ተምሯል። የማያውቀውን ፍላግ አይቀበልም። ስትራክቱንም ከነመጠኑ ስለሚቀበል ወደፊት ማሳደግ ይቻላል።

እኔ የምውለው ድራይቨር ውስጥ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድራይቨር ከከርነሉ ጋር የሚነጋገርበት ነፃ ነው ብያለሁ። ድራይቨሩ ራሱ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሚከፍተው አይኦክትል (ለመሣሪያው ትእዛዝ የሚላክበት ጥሪ) ግን ነፃ አይደለም። እሱ ወደ ውጭ የተሰጠ ቁጥር ነው። ጀማሪ የሚወድቅበትን ልንገራችሁ። ስትራክት ትሠራለህ፤ መጀመሪያ ባለ 32 ቢት ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ 64 ቢት። በ32 ቢት ኢንቴል መጠኑ 12 ባይት ነው። በ64 ቢቱ ኮምፓይለሩ መሐል ላይ 4 ባዶ ባይት ስለሚያስገባ 16 ይሆናል። ሶርስ ኮዱ አንድ ነው። 32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ከርነል ላይ ሲሮጥ ግን አንዱ 12 ልኮ ሌላው 16 ያነባል። በተለመደው አሠራር መጠኑ አይኦክትሉ ቁጥር ውስጥ ስለሚካተት፣ ቁጥሩ ራሱም አይገጥምም። ያችን ባዶ ቦታ ራስህ በስም ጻፋት። ከፕሮግራሙ ዜሮ ሆና ካልመጣች አትቀበል፤ ነገ ትፈልጋታለህ። ወደ ፕሮግራሙ ስትመልስም ዜሮ አድርጋት፣ አለበለዚያ የከርነል ሜሞሪ ይዛ ትወጣለች።

ሁሉም ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንዲህ አይሠራም። ዊንዶውስ ላይ የሲስተም ኮል ቁጥሮች ከቨርዥን ቨርዥን ይቀያየራሉ። ቃሉ የተገባው ከፍ ብሎ ላይብረሪው ላይ ነው። ደዋዩ በስም ይጠራል፣ ቁጥሩን ላይብረሪው ያውቃል። ማክኦኤስም እንደዚሁ ነው። የጎ ቋንቋ ፕሮግራሞች ቁጥሩን ራሳቸው ይደውሉ ነበር። በ2016 ማክኦኤስ ሲዬራ ሲመጣ ሰዓት የሚጠየቅበት ሲስተም ኮል ተቀየረና ተሰበሩ። ጎ በ2018 በ1.11 በላይብረሪው በኩል መደወል ጀመረ። ይህ ከሊኑክስ ያነሰ መረጋጋት አይደለም፤ ቃሉ የተገባበት ቦታ ሌላ ነው።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ከርነሉንና ላይብረሪውን አብሮ ስለሚያወጣ፣ በ2014 በ5.5 የሰዓቱን የዳታ ዓይነት በየፕሮሰሰሩ ሁሉ ወደ 64 ቢት ቀይሮ አረፈ። የድሮ ባይነሪ እንደገና ኮምፓይል ይደረግ፣ አለቀ። ሊኑክስ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። በ2019 በ5.1 ለ32 ቢት ማሽኖች አዳዲስ የሰዓት ሲስተም ኮሎች ጨመረ፤ የድሮዎቹንም እንዳሉ ተዋቸው። ስለዚህ አሮጌ 32 ቢት ባይነሪ የድሮውን ቁጥር ሲደውል ከርነሉ ዛሬም የድሮውን 32 ቢት ሰዓት ይሰጠዋል። ያ የሴኮንድ ቆጣሪ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ይሞላል። ከርነሉ ቃሉን እንደጠበቀ ፕሮግራሙ ይሳሳታል። ማስተካከል የሚችለው ሶርስ ኮዱ በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው።