ከሩሲያኛ ወደ ቱርክኛ፣ ከቱርክኛ ወደ ሩሲያኛ፦ ሰዋስው ሲተረጎም

ሩሲያኛ ከስላቭ፣ ቱርክኛ ከቱርኪክ ቋንቋዎች ወገን ነው። ሁለቱም ለስም 6 የሙያ መልኮች (ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሥራ የሚያሳዩ ቅርጾች) እንዳሏቸው ይነገራል። ይህ ጀማሪን ያዘናጋል፤ ቁጥሩ ቢገጥምም ሥራው አይገጥምም። «ጀመረ» በሩሲያኛ ቀጥተኛ ተሳቢ ሲወስድ፣ ቱርክኛው «ባሽላማክ» የ«ወደ»ን ቅጥያ ይፈልጋል። «ጠላ» በሩሲያኛ ተሳቢ ይዞ ይሄዳል፤ በቱርክኛ ግን የሚጠላው ነገር የ«ከ» ቅጥያ ይይዛል። ግስ ሲጠና ከሚፈልገው ቅጥያ ጋር መያዝ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ግን አንዱ ቋንቋ ሳይናገር የሚያልፈውን ሌላው የግድ ማስነገሩ ነው። ቱርክኛ ሰዋስዋዊ ጾታ የለውም፤ «ኦ» እሱም እሷም ነው። ሩሲያኛ በኃላፊ ጊዜ «እኔ» ሲል እንኳ ይለያል፦ ወንድ «ፕሪሾል»፣ ሴት «ፕሪሽላ» ትላለች፤ ቱርክኛው ለሁለቱም «ጌልዲም» ነው፣ እንደ አማርኛው «መጣሁ»። ስለዚህ በ«እኔ» የሚተረክ የቱርክኛ ልብ ወለድ እስከ መጨረሻው ሳይነበብ ወደ ሩሲያኛ መተርጎም መጀመር የለበትም።

በቱርክኛ «ኪታፕ ኦኩዱም» መጽሐፍ አነበብኩ፣ «ኪታቢ ኦኩዱም» ደግሞ መጽሐፉን አነበብኩ ማለት ነው። ሩሲያኛ ይህን የሚለይበት ቅጥያ ስለሌለው ልዩነቱን ብዙ ጊዜ በግሱ ይሸከመዋል፦ «ቺታል» ማንበብን ብቻ ሲናገር፣ «ፕሮቺታል» አንብቦ መጨረስን ይናገራል። ቱርክኛው «ጊቲ» (ሄደ) ወደ ሩሲያኛ ሲገባም በእግር ነው ወይስ በተሽከርካሪ፣ ሄዶ ቀረ ወይስ ተመለሰ የሚለው መታወቅ አለበት።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው «ሚሽ» በሚለው የቱርክኛ ቅጥያ ላይ ነው። «ጌልዲ» ያለ ሰው መምጣቱን በቀጥታ ያውቃል፤ «ጌልሚሽ» ያለው ሰምቶ፣ ከምልክት ገምቶ ወይም ድንገት ተረድቶ ነው። በሩሲያኛ ወሬ ከሆነ «ጎቮርያት»፣ ግምት ከሆነ «ቪዲሞ»፣ ድንገተኛ ግንዛቤ ከሆነ «ኦካዚቫዬትሳ» ይጨመራል። ምንም ካልተጨመረ የሰማው ሰው እንዳየ ሆኖ ይቀርባል፤ በምስክርነት ቃል ላይ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። በተረት ውስጥ ግን «ሚሽ» የትረካው ልማድ ስለሆነ በየዓረፍተ ነገሩ «ይባላል» ማለት ጽሑፉን ያበላሸዋል። በመንግሥት ደብዳቤ የሚታየው «ጌልሚሽቲር» ደግሞ ወሬ ሳይሆን የተረጋገጠ ነገር ነው።

ሩሲያኛ «ቤት ሠራ» ሲል ሌላ ሰው ቀጥሮ ያሠራውንም ይጨምራል። ቱርክኛ እንደ አማርኛው «አሠራ» አስደራጊ ቅጥያ ስላለው «ያፕቲርዲ» ማለት ይኖርበታል። ጸጉር ቤት ሄዶ ለተቆረጠ ሰውም «ኬስቲርዲ» እንጂ «ኬስቲ» አይባልም፤ «ኬስቲ» ከተባለ በገዛ እጁ ቆረጠ ማለት ነው።

የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው። «ጌሌን አዳም» ልክ «የመጣው ሰው» ነው፤ ሩሲያኛ ግን ስሙን አስቀድሞ «ኮቶሪ» በሚል ማያያዣ ያስከትላል። ረጅም የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር ወደ ሩሲያኛ ሲመለስ መጀመሪያ የመጨረሻው ግስ፣ ቀጥሎ ባለቤቱ ይፈለጋል፤ ከዚያ ገላጮቹ ከስማቸው ኋላ አንድ በአንድ ይደረደራሉ። «ኢንጄ» የሚለው ቅጥያ (እንደ «ስመጣ») ሁለት የተለያዩ ባለቤቶችን ያስተናግዳል። የሩሲያኛው ቦዝ አንቀጽ ግን ባለቤቱ ከዋናው ግስ ባለቤት ጋር አንድ ካልሆነ ስህተት ነው። «እኔ ስመጣ እሱ ሄደ» ለማለት «ኮግዳ» («በ… ጊዜ») ብሎ ሙሉ ሐረግ መሥራት ግድ ይላል።