ጡዘት ምንድን ነው? ፍንዳታው አይደለም

«የፊልሙ ጡዘት ድልድዩ ሲፈነዳ ነው።» ይህን አባባል ስክሪፕት ውስጥ አንብቤዋለሁ። ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ ከሚከራከሩ ልጆችም ሰምቼዋለሁ። እንደ ምንም ችዬው ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ የፊልም ተንታኝ በቪዲዮ ቀርቦ ስለ አንድ የጦር ፊልም ሲያወራ ሰማሁት። ማንነታቸውን ደብቀው ጠላት መሃል ስለገቡ ወታደሮች የተሠራ ፊልም ነው። «ጡዘቱ ደካማ ነው» አለ። ለምን? «ፍንዳታው 40 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።»

ወንድሜ፣ ጡዘት በሰከንድ አይለካም። በባሩድ ኪሎም አይለካም።

መቼት ምንድን ነው፣ ግጭት ምንድን ነው እያልኩ ከሀ ሁ አልጀምርም። እሱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ጡዘት ግን ፊልሙ ከመነሻው ሲጎትተው የመጣው ጥያቄ ከዚህ በላይ መቆየት የማይችልበት ቦታ ነው። ዋናው ገጸ ባህሪ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ከመረጠ በኋላ መመለሻ የለውም። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ፣ ፍንዳታውም ጭምር፣ የምርጫው ውጤት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው ጣርማበርን ያውቃል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈህ ብቅ ስትል መንገዱ ቁልቁል ይወረወራል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነህ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለህ። አሁን ጭነት የሞላ ሲኖትራክ አስብ። ተሳፋሪው የሚጮኸው ኩርባው ላይ ነው፤ ጎማው ሲንሿሿ፣ ፍሬኑ ሲሸት። ሹፌሩን ጠይቀው። ነገሩ ያለቀው ገና ዋሻው አፍ ላይ ነው ይልሃል፤ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወርድ ሲወስን። በሁለተኛ ከያዘው ሞተሩ ራሱ እየጎተተ ያወርደዋል። በአምስተኛ ከለቀቀው ግን መኪናው ፍጥነት ይገዛል፤ መሃል ላይ ማርሽ ልቀንስ ቢል እምቢ ይለዋል። ፍሬኑም ከጋለ አይዝለትም። ኩርባው ላይ የሚሆነው ላይኛው ላይ ተወስኗል።

የመኪናው ጭነት ደግሞ የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ባዶ መኪና በፈለገው ማርሽ ቢወርድ ማን ይደነግጣል? ብዙ የእኛ ስክሪፕቶች ባዶ መኪና ናቸው። አጠገቡ የተቀመጠው ረዳት ተመልካቹ ነው፤ መሪውን አይዝም፣ ግን ማርሹ ሲገባ ያያል። ምሳሌው የሚያስኬደኝ እስከዚህ ነው። ሹፌር ማንነቱን ደብቆ አይነዳም። ሰርጎ ገብ ግን እንደዚያ ነው የሚኖረው። የስውር ተልዕኮ ፊልም ከሌላው የጦር ፊልም የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

በተራ የጦር ፊልም ጥያቄው «ኮረብታውን ይይዙታል ወይ?» ነው። በስውር ተልዕኮ ግን ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ ይታያል፦ ተልዕኮው ይሳካል ወይ? ሁለተኛው ሰውየው ውስጥ ነው፦ የሆነውን መስሎ ሳይሆን ያልሆነውን መስሎ እስከ መቼ ይኖራል? ያንን ማስክ ሳያወልቅ ለመቆየት ማንን ይከፍላል? ጥሩ ጸሐፊ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋባቸዋል። ጡዘቱ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥይት አይተኮስበትም።

ከራሴ ፈጥሬ ላሳይ። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ነው እንበል፣ 1931 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይ የሸዋን አርበኞች ይመራሉ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰው ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራል። ሰፈሩ ባንዳ ይለዋል። እሱ ግን የውስጥ አርበኛ ነው። ሥራው የጥይት ጭነት በጣርማበር የሚያልፍበትን ቀን ለአርበኞቹ ማድረስ ነው። እስከዚህ ማንም ይጽፈዋል።

ከዚያ ማክሰኞ ዕለት አንድ መልእክተኛ ይያዛል። አስተርጓሚው ወደ ምርመራው ጠረጴዛ ይጠራል። ሲገባ የተያዘው የክርስትና ልጁ ነው። ልጁ እየተገረፈ ነው፤ መጨረሻ ላይ አቅሙ ያልቅና «ሐሙስ፣ ዋሻው ላይ» ይላል። በአማርኛ ነው ያለው። መኮንኑ ዞር ብሎ «ምን አለ?» ይላል። እውነቱን ቢተረጉም ልጁ ምናልባት ይተርፋል፤ አርበኞቹ ያልቃሉ። ቢዋሽ ተልዕኮው ይድናል፤ ልጁ ግን ምንም እንዳልተናገረ ተቆጥሮ ይረሸናል።

«ሰደበዎት» ይላል አስተርጓሚው።

ጡዘቱ ይቺው ናት። አንዲት ቃል። ሐሙስ ዕለት ዋሻው ላይ 10 መኪና ቢነድ፣ 40 ሰከንድ ቢፈጅ 4 ደቂቃ፣ ማርሹ የገባው ማክሰኞ ጠረጴዛው ዙሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። እንዲህ ያለውን ምርጫ ለፈጠራችሁት ሰው ስጡት። የውስጥ አርበኞች ታሪክ ውስጥ በስም የሚታወቁ ሰዎች አሉ። ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ የነበሩት፣ በዚሁም የታሰሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አንዷ ናቸው። በእሳቸው ስም ያልመረጡትን ምርጫ ጽፎ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ማለት ጡዘት አይደለም፤ ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ኤዲተር ነኝና እንዲህ ያለ ነገር እጄ ላይ ሲደርስ ቆርጦ ማውጣት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሙሉ ፊልሙ የተሰቀለው እሱ ላይ ነው።

ተንታኛችን «ይሄ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚባለው ለቲያትር ነው፤ እውነተኛ ተልዕኮ ፍንዳታ ነው» ሊል ይችላል። እሺ፣ ወደ እውነተኛው እንሂድ።

ኖርዌይ ውስጥ ቬሞርክ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለአቶም ምርምራቸው የፈለጉት ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከተራው የሚከብድ የውሃ ዓይነት) የሚመረተው እዚያ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1942 የእንግሊዝ ወታደሮች በግላይደር፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ሊገቡ ሞከሩ። ግላይደሮቹ ተከሰከሱ፤ ከአደጋው የተረፉትን ጀርመኖች ገደሏቸው። በፌብሯሪ 1943 ሌሊት ደግሞ ኖርዌያውያን ኮማንዶዎች ሸለቆውን አቋርጠው፣ በበረዶው ወጥተው ገቡና ማምረቻውን አፈነዱት። ታዲያ ፍንዳታው ምን ያህል ነበር? አንድ ጀርመናዊ ዘብ ከማረፊያው ወጣ፤ በባትሪው አካባቢውን አየት አየት አደረገ፤ ተመልሶ ገባ። ይኸው ነው። ከገቡት አንድም ሰው አልሞተም። በተንታኛችን ሚዛን ከሆነ በታሪክ ከታወቁት የስውር ተልዕኮዎች አንዱ ጡዘት የለውም ማለት ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በፌብሯሪ 1944 ጀርመኖች የቀረውን ከባድ ውሃ ወደ አገራቸው ሊያሻግሩ ተነሱ። ጭነቱ ሐይቅ የሚሻገረው በመርከብ ነው። መርከቧ ደግሞ ተራ መንገደኛም ታሳፍራለች። ኖርዌያውያኑ ይህን ያውቃሉ። መንገደኞቹ የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው። ካስጠነቀቁ ወሬው ይወጣል፤ ካላስጠነቀቁ ሰው ያልቃል። ለንደንን በሬዲዮ ጠየቁ። ቀጥሉ የሚል መልስ መጣ። መርከቧ እሑድ ዕለት ከነጭነቷ ሰጠመች። 14 ኖርዌያውያንና 4 ጀርመኖች ሞቱ።

ይህን ታሪክ ፊልም ላድርገው ብል ጡዘቱን የማስቀምጠው መርከቧ ስትሰጥም አይደለም። መልሱ ከለንደን መጥቶ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው፣ «እሺ» ሲሉ ነው። የፋብሪካው ፍንዳታ በዚህ ፊልም መሃል ላይ ይወድቃል። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን መሃል ነው። የመርከቧን ትቼ የፋብሪካውን ሌሊት ብቻ ብሠራ ደግሞ ጡዘቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብኝ። ያው ታሪክ ከየት ጀምረህ የት እንደምታቆመው ጡዘቱም ይቀየራል። ለዚህ ነው «ጡዘት ከፊልሙ 75 በመቶ ላይ ይሁን» የሚሉት ቀመር የሚያስቀኝ። በተከታታይ ድራማ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትንንሽ ጡዘት አለው፤ ትልቁ ወቅቱ እስኪያልቅ ይቆያል።

የተንታኙ ሁለተኛ ቅሬታ የባሰ አናደደኝ። «ከፍንዳታው በኋላ ያለው 25 ደቂቃ ትርፍ ነው፣ መቆረጥ ነበረበት።» መቁረጥ የእኔ እንጀራ ስለሆነ መልስ አለኝ። ሰርጎ የገባ ሰው መውጣትም አለበት። ለተራ የጦር ፊልም ልቀት፣ ከጡዘቱ በኋላ ታሪኩ የሚቋጭበት ክፍል፣ ማለት ባንዲራ መስቀልና ቁስል ማሰር ሊሆን ይችላል፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የስውር ተልዕኮ ግን ከድሉ በኋላም ጠላት መሃል ነው። የቬሞርክ ሰዎች የተወሰኑት በበረዶ መንሸራተቻ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ስዊድን ገብተዋል። ያ ጉዞ ትርፍ ነው?

የእኔን አስተርጓሚ ውሰዱት። ዓርብ ጠዋት ሥራ ይገባል። ካልገባ ይጠረጠራል። በሩ ላይ የልጁ እናት ቆማለች፣ አበልጁ። ልጇ መረሸኑን አልሰማችም። እሱ ከጣሊያን ጋር ስለሚሠራ ነው የመጣችው። «አበልጅ፣ አንተ ታውቃቸዋለህ፤ አማልደህ አስፈታልኝ» ትለዋለች። ባንዳ ሲሉት የነበሩት ሁሉ አሁን እሱ ላይ ተስፋ አድርገዋል። እውነቱን ሊነግራት አይችልም፤ ሽፋኑ አሁንም አለ። ይህን ቆርጬ ዋሻው ላይ ብቻ ልጨርሰው? አልጨርሰውም። ዳይሬክተሩ ቢለምነኝም እከራከረዋለሁ።

ታዲያ ፍንዳታ አያስፈልግም ነው የምለው? አይደለም። ተመልካቹ የጦር ፊልም ሊያይ ነው የመጣው፤ ያንን መከልከል ነውር ነው። ስክሪፕት የምትልኩልኝ ልጆች ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ፍንዳታውን ከወረቀቱ ላይ አውጡትና ከላይ እስከ ታች አንብቡት። አሁንም ልባችሁ የሚመታበት ገጽ ካለ ጡዘታችሁ እሱ ነው፤ ፍንዳታውን መልሱት። ከሌለ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ሥሩ። ሁለት ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ ሦስት ተዋናይ ከጎረቤት ተበድራችሁም ታገኛላችሁ። ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ ዘግቶ ጣርማበር ዋሻ ላይ ለመቅረፅ ፈቃድ ማውጣት ግን እሱ ራሱ ሌላ ተልዕኮ ነው፤ ለዚያውም ስውር ያልሆነ።