የመንጋ ጠባቂ ውሻና የመጦሪያ ግቢው፦ ከደሴ ደጋ ሲታይ

የመንጋ ጠባቂ ውሻ ከበግ፣ ከፍየል ወይም ከከብት ጋር አድጎ፣ ቀንም ሌሊትም ከመንጋው ሳይለይ አውሬና ሌባ የሚከላከል ውሻ ነው። በጎችን እያባረረ ከሚነዳው የእረኛ ረዳት ውሻ ጋር መምታታት የለበትም። ነጂው ዓይኑን ተክሎ፣ አድፍጦ፣ ሮጦ ይከባቸዋል፤ በጎቹም ስለሚፈሩት ይታዘዙታል። ጠባቂውን ግን አይፈሩትም። ከመሀላቸው ይተኛል፣ ሲነሱ ይነሳል፣ ሲግጡ ዳር ዳሩን ይዞ ይውላል። የመጦሪያ ግቢ የምንለው ደግሞ ሥራቸውን ወይም ባለቤታቸውን ያጡ እንዲህ ያሉ ውሾች ለሌላ ሰው ሳይተላለፉ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚኖሩበት ቦታ ነው።

ለዚህ ቦታ አማርኛችን ገና የረጋ ስም አላወጣለትም። «መጠለያ» የጊዜያዊነት ስሜት አለው፤ «ማረፊያ ቤት» ካልን ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ትዝ ይለናል። ላረጀ ወላጅ የምንለው «መጦር» ለውሻ ሲሆን የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ ነገሩን በትክክል የሚገልጸው ግን እሱ ነው።

ጥበቃ እንዴት ይለመዳል

ይህ ውሻ ሥራውን የሚማረው በትእዛዝ ሳይሆን በአስተዳደግ ነው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንቱ አንሥቶ እስከ ሦስት አራት ወሩ ድረስ አብሮት የዋለውን ሁሉ እንደ ዘመዱ ይቀበላል። በዚያ ጊዜ ከበግ ጋር ካደረ በግ ዘመዱ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ማላመዱ እጅግ ይከብዳል። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1833 በዛሬዋ ኡራጓይ ሲያልፍ የዚያ አገር ሰዎች ውሻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ ተመልክቷል። ቡችላው ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ ይለያል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ አንዲት በግ ተይዛ ታጠባዋለች፤ በበጎቹ ጉረኖ ውስጥ የሱፍ መኝታ ይሠራለታል። ከሌሎች ውሾችም ሆነ ከቤቱ ልጆች ጋር አይገናኝም፤ አብዛኛውን ጊዜም ይኮላሻል። እንዲህ ያደገ ውሻ መንጋውን ጥሎ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።

ልማዱ ጥንታዊ ቢሆንም በሳይንስ መጠናት የጀመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በአሜሪካ የፌዴራል መሬት ላይ አውሬን በመርዝ መግደልን ሲያግዱ በግ አርቢዎች ሌላ መላ መፈለግ ነበረባቸው። በዚያው አሥርት ዓመት ማሳቹሴትስ የሚገኘው ሃምፕሻየር ኮሌጅ ከአውሮፓና ከቱርክ ቡችሎች አስመጥቶ ለገበሬዎች እየሰጠ ውጤቱን ይከታተል ጀመር። የጥሩ ጠባቂ መመዘኛ ሆነው የወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ከመንጋው አይለይም፣ መንጋውን አይጎዳም፣ ለመንጋው ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ውሻ ጀግናም ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በዓለም የታወቁት ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ የቱርኮቹ ካንጋልና አክባሽ፣ የጣሊያኑ ማሬማ፣ የፒሬኒስ ተራሮች ውሻ፣ የሀንጋሪዎቹ ኮሞንዶርና ኩቫስ። አብዛኞቹ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናሉ። ብዙዎቹ ነጭ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥንት ሮማውያን የግብርና ጸሐፊዎች እረኛ በድንግዝግዝ ውሻውን ተኩላ መስሎት እንዳይመታው ነጭ ይምረጥ ብለው ይመክሩ ነበር። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ዘር የሆኑትን የአናቶሊያ ውሾች ለገበሬዎች ይሰጣል፤ ፍየሉ ካልተበላ ገበሬው አቦሸማኔውን አይተኩስምና። በአውስትራሊያዋ ዋርናምቡል ደግሞ ቀበሮ ሊጨርሳቸው የደረሰውን ትናንሽ ፔንግዊኖች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጠበቁት ማሬማዎች ናቸው። ውሻው በግም ይሁን ወፍ ግድ የለውም፤ ከማን ጋር አደግህ ነው ጥያቄው።

በወሎ ደጋ

የኩታበር፣ የተንታ፣ የለጋምቦና የደላንታ ደጋ የበግ አገር ነው። እዚህ ያለው ጠባቂ በከተማ «የአበሻ ውሻ» ተብሎ የሚጠራው፣ የዘር መዝገብ የሌለው፣ ከካንጋል አጠገብ ቢቆም ቡችላ የሚመስል ውሻ ነው። የሚገጥመው ጠላት ግን ቀላል አይደለም፤ አንድ ጎልማሳ ጅብ 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ውሻ ራሱም ለጅብ እራት ነው። ስለዚህ የወሎ ውሻ እንደ ቱርኩ ተናንቆ አይጥልም። የእሱ መሣሪያ ድምፁ ነው፤ ከድምፁ ጀርባ ደግሞ ዱላና ባትሪ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። ሰው የማይወጣለት ውሻ ብዙ ዕድሜ የለውም።

ምሽት ላይ በጎቹ ጉረኖ ከገቡ በኋላ ውሻው የድንጋዩ ካብ ላይ ይወጣና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቀመጣል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሲጮህ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ነው፤ ጮሆ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጮሃል። ጅብ ሲሸተው ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ሳያቋርጥ ይጮሃል፣ ጀርባውንም ለቤቱ ሰጥቶ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። ባለቤቱ ይህን ልዩነት ተኝቶም ይለየዋል። ለመጀመሪያው አይነሳም፤ ለሁለተኛው ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ይወጣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለሰው ሲነገር ጥሩ ነው፤ በውሻ ላይ ግን ሐሜት ነው።

ምግቡ የቤቱ ትርፍ ነው፤ ቂጣ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ወተት ሲናጥ አጓት፣ በግ ሲታረድ አጥንት። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ማየት በገጠር እንግዳ አይደለም፤ በቱርክና በማዕከላዊ እስያም እረኞች ይህን ያደርጋሉ። ውሻውን ንቁ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከሚገባኝ ትርፉ ቁስል ነው።

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር በመሆኑ ውሻን በሚመለከት ሁለቱም ወገን የየራሱ ሥርዓት አለው። በእስልምና በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ለአደን፣ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ ግን ተፈቅዷል፤ በዋሻ ተጠልለው የተኙትን ሰዎች ተከትሎ ደጃፋቸው ላይ የተኛውን ውሻም ቁርኣን ያነሳዋል። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ አይፈቀድም፤ ቢሆንም ኢዮብ ስለ መንጋው ሲናገር ውሾቹን ይጠቅሳል፣ ጦብያም መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎታል። በተግባር ውጤቱ አንድ ነው፦ ውሻው ቤት አይገባም፣ ከደጅም አይባረርም። ለመንጋ ጠባቂ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም። ከሰው ምንጣፍ ላይ ያደገ ውሻ ጉረኖ ውስጥ አያድርም።

ለምን ይጣላሉ

መንጋ ጠባቂ ውሻ በየአገሩ የሚጣልበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ ሥራው በሌለበት ቦታ ሥራውን ስለሚሠራ። ሌሊት ይጮሃል፣ አጥር ዘሎ ክልሌ ነው ያለውን ሰፈር ሁሉ ይዞራል፣ እንግዳ ሲመጣ ሳይጠየቅ ይወስናል። በጎች መካከል ሆኖ ይህን ሲያደርግ ይመሰገናል፤ ከተማ ውስጥ ሲያደርገው ጎረቤት አቤቱታ ይጽፋል። ነጭና ፀጉራም ቡችላ ለልጆቹ ብሎ የገዛ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ሲጠሩት አስቦበት የሚመጣ እንስሳ ግቢው ውስጥ ያገኛል። ሌሎቹ ደግሞ ከእርሻ ይመጣሉ፦ በጎቹ ተሸጠው ሥራ ያጡ፣ በጉርምስናቸው ዶሮ ወይም ግልገል በጨዋታ የገደሉ፣ መገጣጠሚያቸው ታሞ መንጋ መከተል ያቃታቸው። ይህ ውሻ ወደ ሁለት ዓመቱ ካልደረሰ በስሎ እንደማይቆጠር የማያውቅ ገበሬ በስምንት ወሩ ጥፋት ፈርዶበት ያባርረዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ በሌላ በር ይመጣል። ከተሞቹ ወደ ጎን ሲሰፉ የትናንት ግጦሽ ዛሬ ቤት ሆኗል። በጉ ይሸጣል፣ ውሻው ይቀራል። ቀን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ዘበኛ ይሆናል፣ ወይም ገበያ ለገበያ ይዞራል። ለባለቤት አልባ ውሻ በከተሞቻችን የኖረው መልስ መርዝ የተቀባ ሥጋ መሆኑን ማለዳ መንገድ ዳር ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ያ መርዝ የእብድ ውሻ በሽታን አላጠፋም፤ በሽታው የሚገታው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ ነው፣ የሞተውን ቦታ ደግሞ ያልተከተበ ቡችላ ቶሎ ይሞላዋል።

የመጦሪያ ግቢ አሠራር

ውሻ አንስቶ አክሞ ለአዲስ ባለቤት የሚሰጥ ድርጅትና የመጦሪያ ግቢ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው እንደ መናኸሪያ ነው፤ ሁለተኛው ጧሪና ቀባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእንስሳት መጦሪያዎች ፌዴሬሽን እውነተኛ መጦሪያ ብሎ የሚቀበለው እንስሳትን የማያራባ፣ የማይነግድባቸውና ዕድሜ ልካቸውን የሚንከባከብ ግቢን ነው። አሳቡ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው እንስሳ ኮቴ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ፣ ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን እስከ መጨረሻቸው ያኖራል።

ለመንጋ ጠባቂ የሚሆን ግቢ ከተራ የውሻ ቤት ይለያል። አጥሩ ቢያንስ ወደ 1.8 ሜትር ከፍ ማለትና ከሥር እንዳይቆፈር ሆኖ መሠራት አለበት፤ በሩ ደግሞ ድርብ ነው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ቦታው ከሰፈር ይርቃል፤ ጩኸቱን ማስቆም አይቻልምና፣ የሚቻለው ሰሚውን መቀነስ ነው። ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጎልማሶች ስለሚጣሉ ተጣጥመው የሚያድሩ ጥንዶች ተመርጠው ክልል ክልላቸው ይሰጣቸዋል። አዲስ ገቢ ለብቻው ይቆያል፤ የእብድ ውሻ በሽታ፣ እንዲሁም የሁለቱ ገዳይ የውሻ በሽታዎች የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባት ይወስዳል፣ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይኮላሻል። ድርብ ፀጉሩ በሙቀትም አይላጭም፤ ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይጋርደዋልና። ሲያረጅ ዋናው ችግሩ ዳሌው ላይ ነው፤ ጠዋት ለመነሳት ይቸገራል፣ ሲሚንቶ ላይ ያደረ ደግሞ ይብስበታል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጡረታው ሥራ አልባ አለመሆኑ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ግቢዎች ፍየል፣ በግና ዶሮም ስለሚያኖሩ የሚችለውን ውሻ አጠገባቸው ያሰማሩታል። በከተማ ቤት አስቸጋሪ ተብሎ የመጣው ሲመሽ አጥሩን አንዴ ዞሮ ከፍየሎቹ አጠገብ ሲተኛ ይታያል። ሥልጠና የሰጠው የለም፤ የጎደለው መንጋው ነበር።

ከበድ ያለው ነገር ቦታ ነው። በሦስት ዓመቱ የገባ ውሻ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ እስከዚያ ያቺ ቦታ ለሌላ አትሆንም። ግቢ የሚከስረው ከአቅሙ በላይ ሲቀበል ነው፤ አልቀበልም ማለት የማይችል ባለ መጦሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ የሚታደጉት ቦታ ይፈጥራል።

በሽታውና የሥጋ ነገር

ለደሴ አካባቢ ሰው ይህ ክፍል ከሁሉ ይጠቅማል። በጉ ራሱን አዘንብሎ አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲዞር ገበሬው አዙሪት ያዘው ይላል። መነሻው በበጉ አንጎል ውስጥ ያደገ የኮሶ ትል ዕጭ ነው፤ በጉ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ይጎለምሳል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያወጣው በሽታም መንገዱ ይኸው ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውንም ይይዛል። መፍትሔው ውሻውን ማባረር ሳይሆን ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በጥሬው አለመስጠት፣ ቢሰጥም በደንብ መቀቀል፣ ውሻውንም በየሦስት ወሩ ገደማ የትል መድኃኒት ማዋጥ ነው።

ሌላው ተጎጂ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፤ ጥቂቶቹ እዚሁ ወሎ በቦረና ሳይንት ደጋ ይኖራሉ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከእረኛ ውሾች ተሻግረው በባሌ ተራሮች ደጋግመው ብዙዎቹን ገድለዋል። አንድ የሳይንት ውሻ መከተብ የባለቤቱን ልጅም ቀበሮውንም ይጠብቃል።

በዚህ ረገድ አካባቢው ባዶ እጁን አይደለም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የአየሩ ጠባይም ምርጫ ይሰጣል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብርዳማ ናት፣ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ለወፍራም ፀጉር ደሴ፣ ለታመመ ዳሌ ኮምቦልቻ ይሻላል።

በደጋው ግን መጦሪያው እስካሁን የባለቤቱ ደጅ ነው። ጥሩ ገበሬ ውሻው ሲያረጅ ቡችላ አምጥቶ ከጎኑ ያሳድጋል፤ ወጣቱ ከሰው ይልቅ ከአሮጌው ይማራል። ካቡ ላይ የሚወጣው እንግዲህ ልጁ ነው፤ ሽማግሌው ዳሌው እንቢ ስላለው ጉረኖው በር ላይ አመድ ውስጥ ይተኛል። ልጁ ለመንገደኛ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ሲጮህ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። ድምፁ ሲወፍር ግን ቀስ ብሎ፣ በፊት እግሮቹ እየተደገፈ፣ ይቆማል።