ሬሊክ ምንድን ነው? ቁራሌው ዞር ብሎ የማያየው ቆርቆሮ

የመዳፍ ያህል፣ የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተቃጠለ ቆርቆሮ። ቁራሌው በነፃ ቢሰጡት እንኳ ቅር እያለው ነው የሚወስደው። እንግሊዝ አገር ግን ይህንኑ መስታወት ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። «ሬሊክ» የሚሉት ከጦርነት የተረፈ፣ ሳይታደስ እንደተሰበረ የተቀመጠ ቅሪት ነው። ብዙ ፈላጊ ያላቸው ደግሞ በ1940 እ.ኤ.አ. እዚያ ተመትተው የወደቁት የጀርመን ቦምብ ጣዮች ናቸው፦ ሄይንክል 111፣ ዩንከርስ 88፣ ዶርኒየር 17።

ከየትኛው እንደመጣ በምን ይታወቃል? በቁጥር። ጀርመኖች ለጥቃቅን ክፍሎች ሳይቀር ቁጥር ይሰጡ ነበር። ጭቃውን ጠረግ ስታደርጉት «8-111» ብሎ የሚጀምር ካገኛችሁ ሄይንክል ነው፤ «8-88» ከሆነ ዩንከርስ። አንዳንዴ አጠገቡ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ማኅተም አለ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ አረንጓዴ ቢጤ ግራጫ ቀለም።

ግን ቁጥሩ የሚነግራችሁ ዓይነቱን ነው እንጂ ያቺኑ አውሮፕላን አይደለም። የት ወደቀች? መቼ? ማን ቆፍሮ አወጣት? ይህ ታሪክ ከዕቃው ጋር ካልመጣ፣ በበኩሌ ያው ቆርቆሮ ነው። ሻጩ አፉ ቢጣፍጥም ማስረጃ ጠይቁት። በተለይ የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ አስመስሎ መሥራት ከባድ አይደለም።

ራሴ ሄጄ ልቆፍር ካላችሁ ደግሞ ሕግ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላን፣ የጠላትም ቢሆን፣ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ አይነካም። አንዳንዱ ጉድጓድ የሰው መቃብር ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ አለ።

ከባህር የወጣ ቅሪት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዟ ኬንት ጠረፍ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ውስጥ ካለው የጉድዊን አሸዋ አንድ ዶርኒየር 17 ከባሕር ወጣ፣ ከዚያ ዓይነት የቀረ የሚታወቀው እሱ ብቻ ነው፣ እና ከ70 ዓመት በላይ ጨው የጠጣ አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ እየተበላ ስለሚያልቅ ኮስፎርድ የሚገኘው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም ወስዶ፣ የላስቲክ ድንኳን ውስጥ አስገብቶ፣ ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ሲረጭበት ከረመ።

አንድ ነገር ልጨምር። በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ቀለም የተቀቡ የድሮ የአውሮፕላን ጌጆች (መለኪያዎች) አሉ። ዛሬ አያበሩም፤ ቀለሙ ደክሟል። ራዲየሙ ግን ግማሹ እንኳ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ አትክፈቱት፣ አትፈትጉት፣ ልጆች እጅም አይግባ።