እርጎ ለፍየል፦ ለግልገል እና ለትልቅ ፍየል አንድ አይደለም

ፍየል እርጎ ትጠጣለች ወይ? በደንብ ነዋ! ጣዕሙን ከለመደች ዕቃውን ጥርግ አድርጋ ትልሳለች። ይስማማታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሁሉ በፊት በዕድሜዋ ይወሰናል። ጡት ላይ ያለ ግልገል እና ቅጠል የምትቀጥፍ ትልቅ ፍየል ሆዳቸው የሚሠራው በተለያየ መንገድ ነው። አንዱን የሚደግፈው እርጎ ለሌላዋ ምንም ላይፈይድ፣ ሲበዛም ሊጎዳት ይችላል።

የፍየል ሆድ አራት ክፍል አለው። ለበዓል ሆድ ዕቃ ያጠበ ሰው ቢያንስ ሁለቱን በእጁ ያውቃቸዋል፤ ትልቁን ጨጓራ እና ድርብርብ ቅጠል ያለውን ሽንፍላ። ትልቅ ፍየል የበላችው መጀመሪያ የሚያርፈው ጨጓራ ውስጥ ነው። እዚያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ቅጠሉን ያብላሉታል፤ እሷም እየመለሰች ታመሰኳዋለች። እንደ ሰው ጨጓራ አሲድ አመንጭቶ የሚፈጨው አራተኛው ክፍል ብቻ ነው።

ግልገል ሲወለድ ታሪኩ ይገለበጣል። ጨጓራው ገና ትንሽ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው አራተኛው ክፍል ነው። ሲጠባ ቦይ የመሰለ እጥፋት ይገጥምና ወተቱን ጨጓራውን አሳልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ያሻግረዋል። ይህ የሚሆነው ግን ግልገሉ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በራሱ ፍላጎት ሲጠባ ነው። በግድ አፉ ውስጥ የተንቆረቆረ ወተት ጨጓራው ውስጥ ሊቀር ይችላል። እዚያ ከተብላላ ደግሞ የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ይከተላል።

እርጎ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በጡጦ ለሚያድጉ ግልገሎች ነው። እናቱ የሞተችበት፣ መንታ ሆኖ ወተት ያነሰው ወይም እናቱ እምቢ ያለችው ግልገል ጡጦ ይያዝለታል። እነዚህን ግልገሎች በድንገት የሚቀጥፍ አንድ ችግር አለ። ደህና የነበረው ግልገል ጠግቦ ከጠባ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠርና ይሞታል። አራተኛው ክፍል ውስጥ የገቡ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር በፍጥነት ወደ ጋዝ ስለሚቀይሩት ነው። ብዙ ሞቅ ያለ ወተት በአንዴ መስጠትና የቆሸሸ ጡጦ ለዚህ በር ይከፍታሉ።

በኒውዚላንድ እናት አልባ የበግ ግልገሎችን የሚያሳድጉ ገበሬዎች ለዚህ የለመዱት ዘዴ ወተቱን ቀድሞ ወደ እርጎ መለወጥ ነው። የፍየል አርቢዎችም ይጠቀሙበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የእርጎው ባክቴሪያዎች ከስኳሩ የተወሰነውን አስቀድመው ይበሉታል። የሚፈጠረው ኮምጣጣነት ደግሞ ጋዝ አምጪዎቹን ያዳክማል። ግልገሉም ጎምዛዛውን ወተት እንደ ጣፋጩ አይስገበገብበትም፤ በትንሽ በትንሹ ይወስዳል።

አሠራሩ ማንም እርጎ የሚያረጋ ሰው የሚያውቀው ነው። ወተቱ ይፈላና እጅ እስኪያስችል ይቀዘቅዛል፤ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ይበቃል። ከዚያ ስኳር የሌለበት፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለው እርጎ በማንኪያ እንደ እርሾ ይጨመርበትና ይማሰላል። ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሲቆይ ይወፍራል። ለሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ እርሾ ይቀነስለታል። ግልገሉ ከመጠጣቱ በፊት መምታት ወይም ማጥለል ያስፈልጋል፤ ረግቶ የጓጎለው የጡጦውን ጫፍ ይደፍነዋል። ቀዳዳውን ትንሽ ማስፋት ይቻላል። በጣም ካሰፉት ግን እርጎው ይንዶለዶልና ግልገሉን ትን ይለዋል።

ከጣፋጭ ወተት ወደ እርጎ በአንድ ቀን መዝለል አይገባም። መጀመሪያ ጥቂት እርጎ በብዙ ወተት፣ ከዚያ እኩል በእኩል፣ ከዚያ እርጎው ብቻ እየተባለ በቀናት ውስጥ ይለወጣል። የቀኑ ድርሻም ያው የወተቱ ድርሻ ነው። በጡጦ የሚያድግ ግልገል በቀን የሚያስፈልገው ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ወተት ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአራት ጊዜ ያህል ተከፋፍሎ። እርጎ ነው ተብሎ በላዩ ላይ አይደረብም።

አንድ ነገር ግን አይነካም፤ እንገር። አዲስ የተወለደ ግልገል በሽታ የሚከላከልበትን አቅም የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ያንን በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በ24 ሰዓት ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ማግኘት አለበት። በዚህ ሰዓት እርጎ መስጠት ቦታ ማጣበብ ነው።

አሁን ወደ እኛ እርጎ እንምጣ። የገጠሩ እርጎ ብዙ ጊዜ እርሾ አይገባበትም። ጥሬ ወተት በወይራ ወይም በጥንጁት የታጠነ ቅል ውስጥ ይጠራቀምና በራሱ ጊዜ ይረጋል። መዓዛው ልዩ ነው፤ ጢሱም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። ለግልገል ሲታሰብ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ከቤት ቤት፣ ከቀን ቀን ይለያያል። ሁለተኛው ይከፋል። ወተቱ ካልፈላ ፍየልን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ወተቱ ስለኮመጠጠ ብቻ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ይህ በሽታ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ ለግልገልም ለሰውም አስቀድሞ ማፍላት ይሻላል። በአውሮፓና በአሜሪካ የወተት ፍየል የሚያረቡ ሰዎች በተጨማሪ የሚፈሩት፣ በእንገርና በወተት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ቫይረስ አለ። እንገሩን ለአንድ ሰዓት 56 ዲግሪ ላይ የሚያቆዩት ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ካለፈ እንገሩ ይረጋባቸዋል።

እርጎው እምቢ ብሎ አልረጋ ካለ አንድ ምክንያት መጠርጠር ጥሩ ነው። ላሟ ወይም ፍየሏ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ተወግታ ከነበረ፣ ወተቷ ውስጥ የቀረው መድኃኒት የእርጎውን ባክቴሪያ ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ወተት ለግልገልም አይሰጥ።

ትልቅ ፍየል ጋ ስንመጣ የእርጎ ገድል ይቀንሳል። ጥቂት ማንኪያ ብትልስ አትጎዳም። ጥቅሙም ያን ያህል አይታይም፤ የእርጎ ባክቴሪያ ቅጠል አብላይ አይደለም፣ ጨጓራዋ ውስጥም ብዙ አይቆይም። አደጋው መጠኑ ሲበዛ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጿሚ ቤት ውስጥ ወተት ይተርፋል። እርጎው፣ አሬራው፣ አጓቱ ከሚደፋ ለከብት ይሁን ይባላል። ክፋት የለውም፤ ግን አንድ ባልዲ አጓት ላለመደች ፍየል ማቅረብ አደገኛ ነው። አብዛኛው የወተት ስኳር ያለው አጓቱ ውስጥ ነው። ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ በአንዴ ወደ አሲድ ሲለወጥ ቅጠል አብላዮቹ ይሞታሉ። ፍየሏ መብላት ታቆማለች፣ ማመስኳት ትተዋለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዛታል። የግራ ጎኗ ከተነፋ ነገሩ የሐኪም ነው። ያኔ እርጎ መጨመር እሳት ላይ ጭድ ነው።

የታሸገ የሱቅ እርጎም ሲገዛ ጣፋጩና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ይቅር። የሻገተም እንዲሁ፤ ሻጋታውን ከላይ ጠርጎ መስጠት አያዋጣም።

ብዙ ሰው እርጎን የሚያነሳው ተቅማጥ ሲመጣ ነው። ግልገልን ቶሎ የሚገድለው የውሃ ማጣት ስለሆነ ቅድሚያው የጨውና የስኳር ውህድ፣ ማለትም ኦአርኤስ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የሆነው ግልገል ተቅማጥ ከያዘው ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። እርጎ ኮክሲዲያን አይነካውም፤ መድኃኒቱ ከእንስሳት ጤና ኬላ ነው። አንቲባዮቲክ ወስዳ ምግብ ለዘጋች ትልቅ ፍየል ደግሞ ከእርጎ ይልቅ የሚረዳት ከጤነኛ ፍየል ጨጓራ የተወሰደ ፈሳሽ ነው፤ የጎደሏትን ቅጠል አብላዮች በቀጥታ ይተካላታል። ይህን ሐኪም ይሥራው።

እርጎ በአፍ ሲሰጥ አሰጣጡም ወሳኝ ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በአፏ ጎን፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ፣ እስክትውጥ እየተጠበቀ ይሰጣል። ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ አንጋጦ መጋት በገጠር የተለመደ ነው፤ ፈሳሹ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች የሚያመጣውም በዚህ ነው። ተኝታ መነሳት ላቃታት ወይም መዋጥ ላቃታት ፍየል በአፍ ምንም አይሰጥም።

ውጭ አገር ሁለት ሦስት ፍየል ለያዘ አንባቢ ሕግም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የአጥቢ እንስሳት ፕሮቲን ለአመስኳዎች እንዳይሰጥ ሲከለከል የወተት ተዋጽኦ ከክልከላው ውጭ ተደርጓል። በብሪታንያ ግን ፍየል ለፍቅር ብቻ ብትያዝም እንኳ በሕግ የእርሻ እንስሳ ናት። ከቤት ማእድ ቤት የወጣ የተረፈ ምግብ መስጠትም ክልክል ነው፤ ከፍሪጅ የወጣው እርጎም እዚያ ውስጥ ይገባል።